በጋሼ ዳልጮ ተራ የወረደው ሎሚ

ክብሩ ኦይታ ሰሊሆምን መውደዱን ከእሱ ቀድመው ያወቁት የዶርም ጓደኞቹ ናቸው፤ ያወቁትም በሙዝ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የመስኖ ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለ፣ ሰኞ ሰኞ አልጋው ሥር አዲስ የሙዝ ካርቶን መታየት ጀመረ። ልጁ ደግሞ የካምባ ደገኛ ነው፤ ከቤቱ የሚላክለት ቆሎና በሶ እንጂ ሙዝ አይደለም። «ከየት ነው?» ሲሉት፣ «ከክፍል ጓደኛዬ ቤት» ይላል። ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ዘርአብሩክ አራተኛውን እየላጠ፣ «ጓደኛማ እኛም አለን፤ እስክሪብቶ እንኳ ሲያውሱን ክዳኑን አስቀርተው ነው» አለ። ክብሩ ግን ጓደኛዬ ናት አለ፣ በቃ ጓደኛው ናት። በዚህች ቃል ድርቅ እንዳለ ስድስት ዓመት አለፈ። ሰው እንዴት ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ይዞ ይቆማል የሚል ካለ ክብሩን አያውቀውም ማለት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ላንቴ፣ የመስኖ ቦይ ዳር ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ መደባቸውና የውሃውን ፍጥነት ለኩ አላቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ላይ ሆኖ የሚንሳፈፍ ነገር ይጥላል፤ ሌላው ታች ሆኖ ሰዓት ይዞ ይጠብቃል፤ ርቀቱ ለጊዜው ይካፈላል። ለመንሳፈፊያ ለየጥንዱ አንድ አንድ ብርቱካን ታደለ። ክብሩ ከሰሊሆም ዳልጮ ጋር ደረሰው፤ እስከዚያ ቀን ከ«ደህና አደርሽ» በላይ ተነጋግረው አያውቁም። ሰዓቷን ይዛ ታች ወረደች፣ እጇን አውለበለበች፣ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ወደ ላይ ተመልሳ ስትመጣ ክብሩ የብርቱካን ልጣጭ በእጁ ይዞ ተገትሯል።

«ብርቱካኑስ?»

«ቁርስ አልበላሁም ነበር» አለ።

ሰሊሆም ለመምህሩ አላሳበቀችም። መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቤቷ እዚያው ከቦዩ ማዶ ነበርና እየሮጠች ሄዳ ከጓሯቸው አንድ ትልቅ፣ ቆዳው የወፈረ ሎሚ ቀጥፋ መጣች። መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና፣ «ይሄን ደግሞ ብትችል ብላው» አለችው።

ሎሚው ወረደ፤ እሷ ሰከንዱን ጮኻ ነገረችው፤ ክብሩ መጻፉን ረሳ። መምህሩ ያዘዘው ሦስት ጊዜ እንዲለኩ ነበር፤ እነሱ ሰባት ጊዜ ለኩ። በየመሃሉ «ትንሽ ታጠራጥራለች፣ እንድገማት» የምትለው እሷ ነበረች። ክብሩ እንዲህ ያለች ለሥራዋ ጠንቃቃ ተማሪ አይቼ አላውቅም ብሎ በልቡ አደነቃት። የዋህነቱ እስከዚህ ድረስ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው የከተማ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ስለ ኮንክሪት ፈተና ሲከራከሩ መውረጃቸውን ያልፋሉ። እሷ ስትታመም እሱ የሷን ማስታወሻ ይጽፋል፤ እሱ ሲታመም እሷ ሙዝ ትልካለች። ሲመረቁ በአንድ ፎቶ ላይ ስድስት ሰው ሆነው ተነሡ፤ ክብሩ ግን አራቱን በስልኩ ቆርጦ አወጣቸው፤ ዘርአብሩክ እንኳ አልተረፈም። ከምረቃ በኋላ እሷ ሴቻ ላይ በመስኖ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፣ እሱ ካምባ ወረዳ በውሃ ሥራ ገባ። እሱ በሚሠራበት ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ጉብታ ላይ ብቻ ነበርና ማታ ማታ ሳይጨልም ጉብታው ላይ ይወጣል። «ያ ቦይ ስፋቱ ስንት ነበር ያልሽኝ?» ብሎ ይጀምራል። ስለ አንድ ቦይ ስፋት አርባ ደቂቃ ያወራሉ። በማግስቱ ደግሞ ስለ ጥልቀቱ ይሆናል።

በዚህ መሃል ዘርአብሩክ ደወለ። ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ወሬ አያመልጠውም።

«ስማ ወንድሜ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ ሰሊሆም ቤት የሚልካቸው ሽማግሌዎች እያፈላለገ ነው። ጓደኛህ ናት አይደል? ደስ ሊልህ ይገባል።»

ክብሩ ደስ አላለውም። ጉብታው ላይ ቁጭ አለ፤ እስኪጨልም አልተነሣም። ወርዶ ሲተኛ ግን ቁርጡን አውቆታል። ይህችን ልጅ ካጣት በሕይወቱ ሙሉ የሚለካው ውሃ ሁሉ ትርጉም የለውም።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ጋሼ ዳልጮ ሙዝ አብቃይ ናቸው፣ የቦዩም የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ውሃው ለየገበሬው በቀን በቀን ተራ የሚደርስ ሲሆን፣ ጋሼ ዳልጮ ከራሳቸውም ሆነ ከሌላ ሰው ተራ ላይ አንድ ደቂቃ አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም። ቀን በቀን መለዋወጥ ይፈቀዳል፤ መስጠት ግን የለም። የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቢለምኑ፣ «መጋቢ፣ ለእርስዎ እጸልያለሁ፤ ውሃው ግን የማክሰኞ ነው» ብለዋቸዋል። በትዳርም ነገር እንደዚያው ናቸው፤ ተራ አይዘለልም። የሰሊሆምን ታላቅ እህት ኢየሩስን የወደዳት ሰው ሽማግሌ ሳይልክ ሴቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ቀለበት አደረገላት። ጋሼ ዳልጮ ይህን ሰሙ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ከበር ሳያስገቡ፣ «ቀለበቱ ቀድሟችሁ ደርሷል፤ እናንተ ለምን ደከማችሁ?» ብለው መለሷቸው። ሠርጉ ዓመት ከስምንት ወር ዘገየ።

ክብሩ ይህን ሁሉ ያውቃል። ሆኖም የልቧን ሳያውቅ ሽማግሌ መላክ አልሆነለትም። ሽማግሌ ከካምባ ድረስ ወርዶ «ጓደኛዬ ነው» የሚል መልስ ይዞ ቢመለስስ? ስለዚህ በምስጢር ይጠይቃታል፤ እሺ ካለች ቀለበቱን ቦርሳዋ ውስጥ ትደብቀዋለች፤ ሽማግሌዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ይመጣሉ። ዕቅዱ ይህ ነው። አጠያየቁ ደግሞ በሎሚ ይሆናል።

አንድ ሳምንት ሙሉ ባልዲ ላይ ሙከራ አደረገ። ትንንሾቹ ሎሚዎች ቀለበት ሲገባባቸው ሰመጡ። ከገበያ ትልልቁንና ቆዳው ወፍራሙን እየመረጠ ገዛ፤ አንዱ ተንሳፈፈለት። በምላጭ ሰንጥቆ ቀለበቱን አስገባ፣ ስንጥቁን ባኘከው ማስቲካ ደፈነው። ሰሊሆም ቅዳሜ የነሱን ቦይ ለመሥሪያ ቤቷ እንደምትለካ ነግራዋለች፤ «ላግዝሽ እመጣለሁ» አላት። የተራውን ሰንጠረዥ አይቷል። ቅዳሜ የጎረቤታቸው የጋሻዬ ነው፤ የጋሻዬ ማሳ ከሁሉ ታች ስለሆነ ውሃው ሳይጠለፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አባቷ በዚያ ቀን ከተማ ስብሰባ አለባቸው። ከማንጎው ዛፍ እስከ ግንዱ ድልድይ ዘጠና ሜትር፣ ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ። ሁሉን አስልቷል። የመስኖ ባለሙያ ብቻ የሚሠራውን ስህተትም ሠርቷል፤ ወረቀቱን አምኖ ገበሬውን አልጠየቀም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ክብሩ ማንጎው ሥር ቆመ። ሰሊሆም ከሙዙ ማዶ ድልድዩ ላይ ሰዓቷን ይዛለች፤ አትታየውም፣ ድምጿ ግን ይሰማል።

«ጣል!»

ጣለ። ሎሚው ትንሽ ተንገዳገደ፣ ቀና አለ፣ ሄደ። የክብሩም ልብ አብሮት ሄደ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ሦስት።

«ክብሩ፣ ውሃው እየቀነሰ ነው!» አለች ሰሊሆም ከታች።

«እንዴት ይቀንሳል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እየደረቀ ነው! እንቁራሪቷ እንኳ ግራ ገብቷታል።»

ክብሩ በቦዩ ዳር ሮጠ። ሲሮጥ አዳለጠው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ሮጠ። መሃል ላይ፣ ውሃው ወደ ሙዙ ማሳ በሚጠለፍበት ቦታ፣ የላሜራው መዝጊያ ዋናውን ቦይ ዘግቷል። ከሙዙ ውስጥ ሱሪያቸውን ሰብስበው አካፋ የተሸከሙ ሰው ብቅ አሉ። ጋሼ ዳልጮ ናቸው። ስብሰባው ቀርቷል። ጋሻዬ ደግሞ ለቅሶ ሊደርስ ጨንቻ ስለወጣ ተራ ተለዋውጠዋል፤ እሳቸውም ልክ በአራት ሰዓት ውሃውን ወደ ራሳቸው መልሰዋል።

«ሳሮ፣ ሳሮ» አሉ፤ በጋሞኛ ሰላም ማለታቸው ነው። «ክብሩ አይደለህ? ምን ጠፋህ?»

«ሎሚ።»

«ስንት ሎሚ?»

«አንድ።»

ጋሼ ዳልጮ ከጭቃው እስከ ፊቱ አዩት። «የመንግሥት ሎሚ ነው እንዴ?»

«ለመለኪያ ነው ጋሼ።»

«እኔ አሁን አንዱን ከውሃው ለቅሜ እቤት ልኬዋለሁ፤ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቋል። ለአንድ ሎሚ እንዲህ አይኮንም። ና፣ ዓሣ አለ፣ ምሳ ብላ፤ ስትሄድ በፌስታል ሙሉ ሎሚ ትወስዳለህ።»

እምቢ ማለት አይቻልም። ሰሊሆምም ከድልድዩ መጥታ ሁኔታውን ሰምታ፣ «ለአንድ ሎሚ ነው እንደዚህ የሆንከው?» እያለች ስቃ ልትሞት ነው። ክብሩ እግሩን ታጥቦ ገበታው ላይ ሲቀርብ፣ የሰሊሆም እናት እትዬ ሻሺቱ የተጠበሰ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ በትልቅ ሳህን፣ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣ በጣባ፣ አምስት ሎሚ ደግሞ በትንሽ ሳህን አቀረቡ። ከአምስቱ አንዱ ላይ ነጭ ማስቲካ ተለጥፏል። የኢየሩስ ዓመት ከስምንት ወር በዓይኑ ላይ መጣበት።

ጋሼ ዳልጮ ለጸሎት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ ዝናቡ ጸለዩ፣ ስለ ሙዙ ጸለዩ፣ ጨንቻ ለቅሶ ስለሄደው ስለ ጋሻዬ ጸለዩ፤ «ሎሚ የጠፋበትን ይህንንም ልጅ አስበው» አሉ። ክብሩ አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ እጁን በገበታው ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ሎሚው ሰደደ። ቀና ሲል የሰሊሆምም አንድ ዓይን ተገልጧል። ሎሚ ሰርቆ ሊበላ መስሏት ከንፈሯን ነክሳ በሳቅ ትንቀጠቀጣለች። ጣቱ ሎሚውን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው «አሜን» ተባለ፤ እጁንም ሰበሰበ።

እትዬ ሻሺቱ አንዱን ሎሚ ቆረጡ። ሁለተኛውን ቆረጡ። ሦስተኛው ማስቲካ ያለበት ነበር። ቢላዋው መሃል ላይ ቆመ።

«ምን ዓይነት ፍሬ ነው?» ብለው ተጫኑት። ሎሚው ተፈነከተ፤ ቀለበቱ ዘሎ ዳጣው ውስጥ ገባ።

ጋሼ ዳልጮ ቀለበቱን በሁለት ጣታቸው ከዳጣው አወጡ፣ ውሃ አፈሰሱበት፣ በብርሃን ያዙት። ሰሊሆም ቀለበቱን አየች፣ ክብሩን አየች፣ ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ሳቋ ግን የለም።

«ይሄ ሎሚ ያንተ ነው?» አሉ አባቷ።

አይደለም ቢል ያመልጣል። ሎሚ ከገበያ ይመጣል፣ ከጓሮ ይመጣል፣ ማን ያውቃል። ግን ክብሩ ስድስት ዓመት ለእሷ ያላወጣው ቃል በአባቷ ፊት ወጣ።

«የኔ ነው ጋሼ። ቀለበቱም የኔ ነው። ሰሊሆምን እወዳታለሁ። ያልነገርኳት ፈርቼ ነው። ዛሬ ልጠይቃት ነበር፤ እርስዎን ማስቀደም እንደነበረብኝም አውቃለሁ።»

ጋሼ ዳልጮ ቀለበቱን አገላበጡት።

«አንተ የመስኖ ባለሙያ ነህ። በኛ ደንብ፣ ውሃው ይዞት የመጣ ነገር፣ እንጨትም ይሁን ዓሣ፣ የማን ነው?»

«የባለ ተራው።»

«ዛሬ ተራው የማን ነው?»

«የጋሼ ጋሻዬ መስሎኝ ነበር።»

«ተለዋውጠናል። የኔ ነው።» ቀለበቱን በሸሚዛቸው የደረት ኪስ ከተው ቁልፉን ቆለፉት። «እንግዲህ ይሄ ቀለበት የኔ ንብረት ነው። ከኔ ቤት አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው ደግሞ በምን አኳኋን እንደሚጠይቅ ካምባ ያሉት ወላጆችህ ያውቃሉ። አሁን ብላ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ።»

ክብሩ በላ። ምን እንደበላ ግን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሰሊሆም እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘችው። በሙዙ መሃል የሚያልፈውን መንገድ ግማሹን ሄዱ።

«አባቴ ሽማግሌ ላክ ማለቱ እኮ ነው፤ ገባህ?» አለችው።

«ቀለበቴን የወሰዱብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ወስዶብሃል። ሽማግሌ ልከህ አስመልስ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«መልስሽ።»

ሰሊሆም ቆመች። «ክብሩ፣ ያኔ ውሃውን ሰባት ጊዜ ያስለካሁህ ለምን ይመስልሃል? የመጀመሪያዋ ልክ ነበረች እኮ።»

እንዲህ ብላው ዞር ብላ ሮጠች፤ ሙዙ ውስጥ ገብታም ሳቋ ይሰማ ነበር። ክብሩ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ብቻውን ሳቀ፣ ከዚያ ያገኘው መኪና ላይ ተሳፈረ። ከነሰሊሆም ቤት በፌስታል ከተሰጠው ሙዝ አጠገቡ ለተቀመጡት ሴትዮ ሰጠ፣ ለረዳቱ ሙዝ ሰጠ፣ መስኮቱን ከፍቶ ዘፈነ። ወደ አርባ ምንጭ ሳይሆን ወደ ሶዶ በሚሄድ መኪና ላይ መሳፈሩ የገባው ምዕራብ አባያ ሲደርስ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ሳምንት ሄዱ። ሁለቱ ከካምባ የወረዱ ናቸው፤ ሦስተኛው ጋሻዬ ነበር። ጋሻዬን የጠራው የለም፤ «ተራዬን ባልለውጥ ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር?» ብሎ ራሱ መጣ። ቀለበቱ ከሽማግሌ ስለቀደመ ጥፋት አለና ሦስቱም በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። በጋሞ አገር ሣር ይዞ የቆመን ሽማግሌ ፊት መንሳት ነውር ነው። ጋሼ ዳልጮ ሣሩን አዩና፣ «አሰራችሁኝ» አሉ። ሆኖም ወጉ ወግ ነውና የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ። ክብሩ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ሦስት ኪሎ ቀነሰ። የባንክ ሠራተኛው ሽማግሌዎችም በመሃሉ መጥተው ነበር፤ «ተራ የያዘ ሰው አለ» ተብለው ተመለሱ። በቀጠሮው ቀን ክብሩ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ፤ ጋሻዬ ነበር፤ ገና «እሺ ብ...» ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ለክብሩ እሱ ይበቃዋል።

የቀለበቱ ቀን ቅዳሜ ሆነ። በአዲሱ የተራ ድልድል ቅዳሜ የጋሼ ዳልጮ ነው፤ ጊዜውም ሙዙ ውሃ የተጠማበት በጋ ነበር። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሁሉም ቀለበቱን ይጠብቃል። ጋሼ ዳልጮ ግን ከኪሳቸው ቀለበት ሳይሆን አንድ ትልቅ ሎሚ አወጡ። ስንጥቁን በማስቲካ ደፍነውታል፤ ራሳቸው አኝከው ነው፤ እትዬ ሻሺቱ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ሥራህን ጨርስ» ብለው ለክብሩ ሰጡት።

ክብሩ በሙሉ ልብሱ ወደ ማንጎው ሄደ። ሰሊሆም በረጅም ቀሚሷ ድልድዩ ላይ ቆመች፤ እንግዳው ሁሉ በቦዩ ዳር ተሰለፈ። ሎሚው ተጣለ። ክብሩ በዚህኛው ጊዜ አልጠበቀም፤ ጎን ለጎን እየሮጠ ተከተለው። መሃል ላይ ሲደርስ ጋሼ ዳልጮ ኮታቸውን እንደለበሱ ቦዩ ውስጥ ገብተው ቆመዋል። ወደ ማሳቸው የሚጠለፈውን ውሃ በላሜራው ዘግተው፣ ላሜራውን በጉልበታቸው ደግፈው ይዘውታል። በራሳቸው ተራ፣ በራሳቸው ሙዝ ላይ። ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሄዳል። ሎሚው ጉልበታቸውን ነክቶ አለፈ። እሳቸውም ዓይናቸው እንባ ሞልቶ በዓይናቸው ሸኙት፤ ለመጋቢ የከለከሉትን ለሴት ልጃቸው ሰጡ።

«ሁለት ደቂቃ ከአርባ!» ብላ ጮኸች ሰሊሆም ከድልድዩ። «አሥር ሰከንድ ዘግይተሃል!»

«ስድስት ዓመቱ አይቆጠርም?» አለ ዘርአብሩክ ከሰዉ መሃል።

ክብሩ እያለከለከ ደረሰ። ሰሊሆም ሎሚውን በሁለት እጇ ፈልቅቃ ቀለበቱን አወጣች፣ ሰጠችው፤ እሱም ጣቷ ላይ አጠለቀላት። እልልታው ሲቀልጥ የተፈለቀቀውን ሎሚ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄን ደግሞ ብትችል ብላው» አለችው።

ክብሩ ከነልጣጩ በላው።